ቃሉን የሚያሳዩ እጆች

ሕዝቅኤል በባቢሎን ከምርኮኞች ጋር የኖረ ካህን ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ጡብ አነሣና የኢየሩሳሌምን ከተማ ሣለበት። ዙሪያውን ምሽግ ሠራ፣ አፈር ደለደለ፣ የብረት ምጣድ አምጥቶ በራሱና በከተማዋ መካከል እንደ ቅጥር አቆመው። ከዚያ በግራ ጎኑ ተኛ፤ 390 ቀን። ሲጨርስ በቀኝ ጎኑ ዞሮ 40 ቀን ጨመረ። እንጀራውን በሚዛን፣ ውኃውን በልክ እየወሰደ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት የተከበበች ከተማ ኑሮ ኖረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የስደተኛ ጓዙን በቀን ብርሃን ከቤት አወጣ። ሲመሽ ግንቡን በእጁ ነደለ፣ ፊቱን ሸፈነ፣ ጓዙን በትከሻው ተሸክሞ በጨለማ ወጣ። ያዩት ሰዎች “ምን ማድረግህ ነው?” ብለው ጠየቁ። ጆሯቸው ስብከት የጠገበ ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ጠያቂ ሆኑ።

ይህን ሰው ያለ ማመንታት ተዋናይ እለዋለሁ። ድርሰቱን የሰጠው፣ የመድረክ ዕቃውን የመረጠለት፣ የትዕይንቱን ቀናት የቆጠረለት እግዚአብሔር ራሱ ነው። ብቻውንም አይደለም። ኤርምያስ የሸክላ ገንቦ ገዝቶ በሽማግሌዎች ፊት ሰብሮታል፤ ቀንበር በአንገቱ አድርጎ ዞሯል። አጋቦስ በቂሣርያ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የገዛ እጅና እግሩን አስሮበታል። ስለዚህ በእናንተ አጥቢያ “ድራማ ደግሞ ከየት የመጣ ፈሊጥ ነው?” የሚል ሰው ካለ፣ በፍቅር መጽሐፉን ገልጣችሁ አሳዩት። ፈሊጡ ከነቢያት ነው የመጣው።

ዛሬ ግን የምጽፈው ለተቃዋሚው አይደለም። የምጽፈው በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ “እኔ መስበክ አልችል፣ ድምፄም ለመዝሙር አይሆን፣ ምን ላገለግል?” ለሚለው ሰው ነው። የአያቱን አነጋገር አስመስሎ ቤተሰቡን በሳቅ ለሚያፈርሰው ልጅ። ከቁራጭ ጨርቅ ቀሚስ ለምታወጣው ልብስ ሰፊ። መብራት ለሚዘረጋው፣ እንጨት ለሚላገው፣ ማታ ማታ ልጆቿን በተረት ለምታስተኛው እናት። ቤተ ክርስቲያን ስለ ጸጋ ስጦታ ስትናገር ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ማይክራፎኑ ነው። ድራማና የአሻንጉሊት ትርዒት ግን ማይክራፎን የማይጨብጡ ብዙ እጆችን ይጠራሉ። የእናንተም እጅ አንዱ ነው።

ሌሎች ይህን እንዴት እንዳደረጉት ለማየት ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ዮርክ ከተማ እንሂድ። ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ እስከ 1569 እ.ኤ.አ. ድረስ የዚያች ከተማ ሰዎች ከዓለም መፈጠር እስከ ፍርድ ቀን ያለውን ታሪክ በአንድ የበዓል ቀን በጎዳና ላይ ያሳዩ ነበር። 48 ያህል አጫጭር ድራማዎች ጽሑፋቸው እስከ ዛሬ አለ። መድረኩ ባለ ጎማ ሠረገላ ነበር፤ ከጎዳና ጎዳና እየተገፋ ሕዝቡ ወዳለበት ይሄዳል። ትዕይንቶቹን ያዘጋጁት የከተማዋ የሙያ ማኅበራት ናቸው። የኖኅን መርከብ ሥራ መርከብ ሠሪዎች ወሰዱ። የጥፋት ውኃው ለዓሣ አጥማጆችና ለመርከበኞች ደረሰ። የመጨረሻው እራት የዳቦ ጋጋሪዎች ሆነ። ስቅለቱን ደግሞ ሚስማርና መርፌ የሚሠሩት ሰዎች ተረከቡ።

እስቲ በዚያ ሚስማር ሠሪ ቦታ ራሳችሁን አስቀምጡ። ዓመቱን ሙሉ ለኑሮው የሚቀጠቅጠውን ሚስማር በዚያ ቀን በጌታ መስቀል ላይ ይመታዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ሱቁ ተመልሶ መዶሻውን ሲያነሣ ምን ያስብ ነበር? “ኃጢአታችን ሰቀለው” የሚለውን ትምህርት በጆሮው ብዙ ጊዜ ሰምቶት ይሆናል፤ በክንዱ ጡንቻ ያወቀው ግን በዚያ ቀን ነው። ድራማ ተመልካቹን ብቻ አይደለም የሚያስተምረው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚለወጠው ሲለማመድ የከረመው ሰው ነው። የጴጥሮስን ክህደት ለመጫወት አንድ ወጣት ያንን እሳት ዳር ደጋግሞ ሲሞቅ፣ ዶሮው ደጋግሞ ሲጮኽበት፣ የገዛ ክህደቱን ሳያስብ አይቀርም። የተቀደሰ ሥራ የሚሠራው በልምምዱ ክፍል ውስጥም ጭምር ነው።

የእኛም ምድር ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሆሳዕና ዕለት ደጅ የቆመ ሰው ያውቀዋል። በሩ ዝግ ነው፤ ዲያቆኑ ከውጭ በሩ ይከፈት ዘንድ ይጣራል፣ ካህኑ ከውስጥ ንጉሡ ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፣ መልሱ ይሰጣል፣ በሩ ይከፈታል። ይህ ሥርዓተ አምልኮ ነው፤ ቴአትር ብዬ አላቃልለውም። ነገር ግን አባቶቻችን ምእመኑ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዓይኑም፣ በእግሩም፣ በያዘው ዘንባባም እንዲማር ማድረጉን ያውቁበት እንደ ነበር ይመሰክራል።

የዘመናዊው የአማርኛ ቴአትርም ቢሆን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የራቀ አልነበረም። ዮፍታሔ ንጉሤ በጎጃም ደብረ ኤልያስ ቅኔውንና ዜማውን የተማረ ሰው ነው። አዲስ አበባ መጥቶ ድርሰት ሲጽፍና ተማሪዎችን ለመድረክ ሲያሠለጥን ያንኑ የቅኔ ቤት ዕውቀት ይዞ ነው የሠራው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲመረቅ የታየው ተውኔት የመኮንን እንዳልካቸው “ዳዊትና ኦርዮን” ነበር። ያ ታላቅ አዳራሽ በሩን የከፈተው በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞቃል። በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ በተውሶ መጋረጃ ለምትለማመዱ ወጣቶችም ይህን ልነግራችሁ እወዳለሁ፤ የቆማችሁበት መስመር ረጅም ነው።

ያ የዳዊትና የኦርዮን ታሪክ ደግሞ ለመንፈሳዊ ድራማ ጸሐፊ ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት በውስጡ ይዟል። ንጉሡ ዳዊት የሰው ሚስት ወስዷል፣ ባሏን ኦርዮንንም በጦር ግንባር አስገድሏል። ነቢዩ ናታን ሊገሥጸው መጣ። በቀጥታ ቢናገር የሚሆነውን አስቡ፤ ንጉሥ ነውና ወይ ይቆጣል፣ ወይ ያስተባብላል። ናታን ግን ታሪክ ጀመረ። አንድ ድሃ አለ፤ ያለችው አንዲት በግ ብቻ ናት፤ ከልጆቹ ጋር አድጋለች፣ ከእንጀራው ትበላለች፣ በብብቱ ትተኛለች። ባለጠጋው እንግዳ ሲመጣበት የራሱን መንጋ ትቶ የድሃውን በግ አረደ። ዳዊት በቁጣ ነደደና በባለጠጋው ላይ ፈረደ። ያን ጊዜ ብቻ ናታን ጣቱን ወደ ንጉሡ አዞረ።

ቅደም ተከተሉን አጥብቃችሁ ያዙ። ፍርዱን የሰጠው ሰሚው ነው፤ ነቢዩ የፍርዱን አድራሻ ብቻ ተናገረ። አሁን ይህን በየአዳራሹ ከምናያቸው ብዙ ድራማዎች ጋር አስተያዩት። ሰካራም አባት አለ፣ ከተማ ገብታ የጠፋች ልጅ አለች፣ መጥፎ ጓደኛ አለ፣ በመጨረሻ ሁሉም ተንበርክኮ ያለቅሳል። ከዚያ ዋናው ተዋናይ ወደ ፊት ይወጣና ያየነውን ታሪክ ትርጉም ያስረዳናል። ደቂቃዎች ይነጉዳሉ። ታሪኩ ልባችን ውስጥ ጀምሮት የነበረውን ሥራ ማብራሪያው ያቋርጠዋል። ከልቤ የምመክራችሁ፣ ድርሰታችሁን ዛሬ ማታ አውጡና ያቺን የመጨረሻ ንግግር ሰርዟት። የተመልካቹ ልብ ሊጨርሰው የሚችለውን ሥራ ለልቡ ተዉለት። ከዚያ በኋላ ሰባኪው ወይም መምህሩ ይነሣ፤ ታርሶ የለሰለሰ መሬት ያገኛል።

ጌታ ራሱ ታሪክ ሲናገር እንዴት እንደሚያቆም ተመልከቱ። ስለ ጠፋው ልጅ ሲተርክ ልጁ ተመልሷል፣ ፍሪዳው ታርዷል፣ ቤቱ በዘፈን ተሞልቷል። ታላቁ ወንድም ግን ተቆጥቶ ደጅ ቆሟል፤ አባትየው ወጥቶ ይለምነዋል። ገባ ወይስ አልገባም? ወንጌሉ አይነግረንም። ታሪኩ ሲነገር በዙሪያው ቆመው ያጉረመርሙ የነበሩት ፈሪሳውያን ያ ታላቅ ወንድም ነበሩና፣ መጨረሻውን የሚጽፉት እነርሱ ነበሩ። ይህን ትዕይንት በመድረካችሁ ላይ ስታሳዩ አባትየው እጁን ዘርግቶ፣ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ እንደ ቆመ መብራቱ ይጥፋ። አንዲት ቃል አትጨምሩ። ከወንድሙ ጋር ዓመታት የተኳረፈ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም።

ወደ አሻንጉሊቱ ልሻገር፤ ከድራማ ይልቅ የሚናቀው እርሱ ነውና። “ለልጆች ማጫወቻ” ተብሎ ይታለፋል። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ላይ ግን ከቆዳ ተቀርጸው ጥላቸው በመጋረጃ ላይ የሚያርፍ ምስሎች ለዘመናት የሕዝቡ ታላቅ ጥበብ ሆነው ኖረዋል፤ ሽማግሌውም ወጣቱም ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ያያቸዋል። በ1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሱራካርታ ከተማ የነበሩ ካቶሊኮች ያንኑ ጥበብ ወስደው የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ የሚያሳዩ ምስሎች ቀረጹ፤ “ወያንግ ዋህዩ” ብለው ሰየሙት። ሕዝቡ ቀድሞ በሚወደው መንገድ፣ በገዛ ሙዚቃው ታጅቦ፣ የአዳምና የክርስቶስ ታሪክ ተነገረው። ከሌላ አገር የመጣ ትርዒት መቅዳት አላስፈለጋቸውም።

በእኛም አገር የአሻንጉሊት ኃይል የታየበት ምስክር በቤታችን ገብቷል። ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተባለውን የልጆች ፕሮግራም ሲጀምሩ ትልቅ ስቱዲዮ አልነበራቸውም፤ ከካልሲ የተሠሩ አሻንጉሊቶችና የመኖሪያ ቤታቸው ክፍል ነበራቸው። ቀጭኔዋ ፀሐይ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ብቅ አለች፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በትምህርታዊ ፕሮግራሞች ዘርፍ ዓለም የሚያከብረውን የጃፓን ሽልማት አሸነፈች። ፕሮግራሙ መንፈሳዊ አይደለም፤ እጅ መታጠብና ፊደል መቁጠር ነው የሚያስተምረው። ሆኖም ለእኛ የሚነግረን ነገር ግልጽ ነው። አንዲት አስተማሪ በካልሲ ይህን ያህል ከሄደች፣ የእናንተ የልጆች ክፍል በቂ ዕቃ አለው።

አሻንጉሊት የሚያደርገውን ሰው ማድረግ ሲያቅተው በዓይኔ አይቻለሁ። ከአዋቂ ጋር ቃል የማይተነፍስ ዓይን አፋር ልጅ ከመጋረጃው በላይ ብቅ ላለች የካልሲ ልጅ ስሙን ይነግራታል፤ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስፈራው ይነግራታል። እጅ መሆኗን አሳምሮ ያውቃል። እርሷ ግን አትቆጣውም፣ አታርመውም፣ ቁመቷም ከእርሱ አይበልጥም። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው አገልጋይም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ዓይን አፋር ነው። ሕዝብ ፊት ቆሞ ጉልበቱ የሚብረከረክ ወጣት ተንበርክኮ እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ አንደበቱ ይፈታል። ሁለት ዓይን አፋሮች በአንድ ካልሲ በኩል ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ይነጋገራሉ። እንዲህ ያለ አገልግሎት የት ይገኛል?

እንግዲህ እጃችንን እናንሣ። የአዋቂ ሰው ካልሲ ውሰዱ፤ ረጅሙ ይሻላል፣ ክንድን ይሸፍናልና። ካርቶን በሞላላ ቅርጽ ቆርጣችሁ መካከሉን እጠፉት፤ በቀይ ጨርቅ አልብሱትና በካልሲው ጫፍ ውስጥ አጣብቁት፤ አፉ ይኸው ነው። ሁለት ነጭ ቁልፎች በላያቸው ጥቁር ነጥብ ተደርጎባቸው ዓይን ይሆናሉ። ዓይኖቹን ወደ መሐል ትንሽ ጠጋ አድርጓቸው፤ ያን ጊዜ አሻንጉሊቱ የሚያየው ነገር ያለ ይመስላል። ፀጉሩን ከጥቁር ክር ሥሩት፤ ሹሩባም ይሁን ቁንጮ፣ የሚያዩት ልጆች ራሳቸውን እንዲያገኙበት አድርጉ። የቢጫ ፀጉር አሻንጉሊት ከገበያ ከመግዛት ይህ ሺህ ጊዜ ይበልጣል። መድረኩን በተመለከተ፣ በሁለት ምሰሶ መካከል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ መስቀል ይበቃል፤ ቆየት ብሎ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ገጣጥማችሁ የሚታጠፍ ፍሬም ትሠራላችሁ። የጨርቁ ጠርዝ ከተንበረከከው ሰው አናት በላይ መሆኑን አረጋግጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእጅ ትምህርት ነው፤ ደግሞም ከባድ ነው። ጀማሪ ሁሉ የላይኛዎቹን ጣቶቹን ወደ ላይ እያነሣ ያናግራል፤ አሻንጉሊቱ ሰማይ የሚነክስ ይመስላል። ሰው ሲናገር የሚወርደው የታችኛው መንጋጋ ነውና አውራ ጣታችሁ ይውረድ፣ አራቱ ጣቶች ጸንተው ይቆዩ። አፉ የሚከፈተው ድምፅ ሲወጣ ነው፤ ቃሉ ሲያልቅ ይዘጋል። “ሰላም” በጽሑፍ ሦስት ፊደል ይሁን እንጂ አፍ የሚያስከፍተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህን በመስተዋት ፊት ቆማችሁ ሞክሩት። አንጓችሁን ወደ ፊት ሰበር አድርጉ፤ አለበለዚያ አሻንጉሊቱ ከልጆቹ አናት በላይ ጣሪያውን ያያል። ሲገባ ከመሬት እንደ ፈነዳ አይውጣ፤ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ቀስ በቀስ ከፍ ይበል፣ ሲወጣም እንዲሁ ይውረድ። ከሁሉ የሚከብደው ክንድ ነው። በአንድ መዝሙር መካከል ክንዱ ይዝላል፣ አሻንጉሊቱ ወደ መጋረጃው መስጠም ይጀምራል። መድኃኒቱ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ክንድን ቀጥ አድርጎ ማቆየት ነው። ይህን ያህል ስለ ጡንቻ የማወራው ፍቅር በልምምድ እንደሚታይ ስለማምን ነው። ለጌታ የምናቀርበው ነገር “ለልጆች ነው፣ ይበቃል” ተብሎ በችኮላ መሠራት የለበትም፤ ልጆች ከማንም በላይ ዓይን አላቸው።

አንድ ድንበር ግን አለኝ፤ በዚህ አልደራደርም። የጃቫው ልማድ የራሱ ሆኖ፣ እናንተ ጌታችንንና ቅዱሳንን አሻንጉሊት አታድርጓቸው። አሻንጉሊቱ የሚጠይቅ ልጅ ይሁን፣ ወይም የማይሰማ ፍየል፣ ወይም ሁሉን አውቃለሁ የምትል ዶሮ። እርሱ ይሳሳት፣ ይፍራ፣ ይዋሽ፣ ይጸጸት፤ ልጆቹም ያርሙት። እንስሳ በመድረክ ማናገር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ራሱ የአውሬዎች ኮመዲያ ነበር። ስለ ቦታውም ቢሆን የየቤተ እምነቱን ሥርዓት ማክበር ግድ ነው። በኦርቶዶክሱ አጥቢያ ዐውደ ምሕረቱ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ አለ፤ በወንጌላውያኑ ዘንድ የመድረኩ ልማድ ይለያል። አባቶችንና ሽማግሌዎችን አስቀድማችሁ አማክሩ፤ ድርሰቱንም አስነብቡ። ሲያርሟችሁ አትከፉ። የቃሉን ትክክለኛነት የሚጠብቅ ዓይን ለድራማ ቡድን በረከት ነው።

ስለ ሰዎቹ ድራማም ጥቂት ልበል። አጭር ጻፉ፤ ሰባት ደቂቃ ብዙ ነገር ይይዛል። ብዙ ቡድኖች አንድ ማይክራፎን ብቻ ስላላቸው ተዋናዮቹ እየተቀባበሉ ትዕይንቱን ይገድሉታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በዚያ ልክ ጻፉ፤ አንድ ተራኪ ማይክራፎኑን ይዞ በዳር ይቁም፣ ሌሎቹ ያለ ቃል በእንቅስቃሴ ያሳዩ። ሕዝቅኤልም በጎኑ ሲተኛ ድምፅ ማጉያ አልነበረውም። ለሕዝቡ ጀርባ አትስጡ፤ ሌላው ሲናገር አድምጡ። ማድመጥ ትወና ነው፤ እንዲያውም ዋናው ትወና እርሱ ነው። ልምምዱን በጸሎት ጀምሩ፣ ክፍሉን ከመጽሐፉ አብራችሁ አንብቡ፤ “ይህ ሰው ምን ፈለገ? ምን ፈራ?” ብላችሁ ተጠያየቁ። የዕውሩ ለማኝ የበርጤሜዎስ ልብስ ያማረ መሆን የለበትም፤ ልብሱን ጥሎ ሲነሣ ግን ያ ልብስ ያለው ብቸኛ ንብረት መሆኑ ይታወቀን።

ከአገር ውጭ ላላችሁ ወገኖች ደግሞ ይህ አገልግሎት ሌላም በር ይከፍታል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በአውሮፓም ከተሞች ባሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት ወላጅ በአማርኛ ሲጠይቅ ልጁ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ይመልሳል። የአማርኛው ስብከት ያልፈዋል፤ ስልኩን ይነካካል። ለዚያ ልጅ የእረኛውን ቦታ ስጡት። የሚናገራቸውን ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ከአያቱ ጋር በስልክ ይለማመድ፤ “ጠ” እና “ቀ” እስኪጠነክሩለት ድረስ አያቱ ታርመው። የገና ዕለት ጋቢ ለብሶ፣ በትር ይዞ፣ በአያቶቹ ቋንቋ መልአክ አየሁ ብሎ ሲናገር ታሪኩ የእርሱ ይሆናል። ቋንቋውንም እምነቱንም በአንድ ጊዜ በአፉ ያጣጥማል። ይህን የሚያዘጋጅለት ሰው ካስፈለገ፣ እዚያው የሰንበት ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

አሁን ቀን ቁረጡ። ሦስት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ይስፋ፣ አንዱ ያንብብ። ከሉቃስ ወንጌል አንድ ታሪክ ምረጡ፤ የደጉን ሳምራዊ፣ የዘኬዎስን፣ የጠፋችውን ድሪም። በመጀመሪያው ስብሰባ ታሪኩን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ በሁለተኛው ጽሑፉን ትታችሁ በራሳችሁ ቃል ተጫወቱት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የወደዳችሁትን ንግግር ጻፉ። በዚህ መንገድ የተጻፈ ንግግር የሰው አፍ ይሸታል። የመጀመሪያው ትርዒታችሁ ለሕዝበ ክርስቲያኑ ሁሉ ሳይሆን ለልጆች ክፍል ይሁን። እነርሱ በሳቃቸውና በጥያቄያቸው የት እንደ ላላ ይነግሯችኋል።

ትርዒቱ ሲያልቅ ደግሞ መጋረጃውን ለመጠቅለል አትቸኩሉ። ልጆቹ መምጣታቸው አይቀርም። አንድ ሰው አሻንጉሊቱን እንደ ለበሰ ይቆይ፤ የመጡትን አንድ በአንድ ስማቸውን ይጠይቅ፤ ሌላው በደብተር ይጻፍ። ማን እንደሆነ፣ ስለ ምን እንደ ጠየቀ፣ እናቱ ታማ እንደሆነ፣ ፈተና እንዳለበት። በሚቀጥለው ሰንበት አሻንጉሊቷ ብቅ ስትል ያንን ልጅ በስሙ ትጥራው፣ ፈተናው እንዴት እንደ ሆነም ትጠይቀው። ደብተሩን በየሳምንቱ ከልምምድ በፊት አውጡና በተጻፉት ስሞች ጸልዩ።